ግንባሬ ሲሰፋ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2001

«ታዱ፣ ግንባርሽ እየሰፋ ነው፤ ዕድል ሊመጣልሽ ነው» አለኝ ማርቆስ፣ ሂሳብ ክፍል በሙሉ እየሰማ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማርቆስ ካልቀለደ ደመወዙ የሚቆረጥበት ይመስለዋል። ባለፈው ሳምንት ግምገማ ላይ ድክመቴ ሲዘረዘር «ዝምተኛ ናት፣ ከሠራተኛው ጋር አትቀላቀልም» ብቻ ነበር የተባለው። ግንባሬ አልተነሳም።

እስከ ምሳ ሰዓት ታይፑን ስመታ ቆየሁ፤ አንዱን ደብዳቤ ሦስቴ አበላሸሁት። ሰው ሲወጣ ግቢ ወርጄ በቢሮው መኪና ስፖኪዮ ራሴን አየሁ። እውነቱን ነው። ከጆሮዬ ከፍ ብሎ፣ በግራም በቀኝም፣ ሹሩባው የሚጀምርበት ቦታ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ፀጉር የነበረበት ላይ የሚያብለጨልጭ ቆዳ አለ። ዳር ዳሩን ደግሞ የተቆራረጠ፣ የሕፃን ፀጉር የመሰለ ነገር። ለካ ሾፌራችን ጋሽ ሐንዲሶ ወንበሩን አጋድሞ ውስጥ ተኝቷል። «ከጨረሽ ያኛውን ስፖኪዮ ደግሞ ላዙርልሽ» አለኝ ሳይነሳ።

ቤት ገብቼ በትንሿ መስታወት ደግሜ አየሁ። ትልቁን መስታወት እህቴ ዘነበች አግብታ ዱራሜ ስትሄድ ይዛው ሄዳለች። ሁለታችን የነበርንበትን ክፍል አሁን ብቻዬን ነው የምከራየው። መስታወቱን በጠዋት በአንድ እጅ፣ ሻማውን በሌላ እጅ ይዤ ማየት ለምጃለሁ፤ ታዲያ እንዴት ይህን ሁሉ ጊዜ ሳላየው ቀረሁ?

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። አንጋጫ ስሄድ ዘመድ ሁሉ «ባል የት አለ» ካለኝ በኋላ ማጽናኛው «ፀጉሯ ግን ያምራል» ነበር። ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሌሊቱን ያሰብኳቸው ምክንያቶች፦ ሳሙናው። የቧንቧው ውሃ። ሐሳብ። የሰው ዓይን። ላሽ።

ከሁሉም ያስፈራኝ ላሽ ነው። ልጅ ሆነን ሰፈራችን አንድ ላሽ ያለበት ሰው ነበር፤ ራሱን ክብ ክብ አድርጎ መልጦት፣ አብሮት የሚበላ አልነበረም።

ሻሽ አስሬ ቢሮ ገባሁ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ማርቆስ እንኳ። ስወጣ ፋርማሲ ጎራ አልኩ። ሰው ቆሟል። ቀስ ብዬ «ለፀጉር የሚሆን…» ስል ባለፋርማሲው ጆሮው ከበድ ይላል መሰለኝ፣ «ላሽ ነው ቆረቆር?» ብሎ ጮኸብኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ ሻሼ ዞረ።

«ለእህቴ ነው» አልኩ።

«እህትሽ ትምጣ። ሳላይ ቅባት አልሰጥም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሆስፒታል ሐሙስ ሐሙስ ቆዳ የምታይ ሲስተር እንዳለች ነገረኝ። ቶሎ ከታየ ይመለሳል፤ ከቆየ ግን ቆዳው ይዘጋና ምንም አይበቅልበትም። «አታዘግዪያት እህትሽን» አለኝ።

ዘነበችን እንዲህ መላጣ አድርጌያት ወጣሁ። የእሷ ፀጉር እስከ ወገቧ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ለነገ ፈቃድ ጠየቅኩ። ኃላፊያችን ሰሞኑን በቢፒአር የአሠራር ለውጥ ምክንያት ራሱን እንኳ አያምንም፤ «ለምን ጉዳይ?» አለ ብዕሩን አንስቶ። «የሴት ጉዳይ ነው» አልኩት። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ወዲያው ፈረመልኝ።

ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ያሉት ሴቶች እያዩኝ ሲያንሾካሽኩ ነበር። ያሰቡትን አውቀዋለሁ። መጥቶ ግን «ታደለች፣ ምን ሆነሽ ነው?» ያለኝ የለም። ቢጠይቁኝ እዋሻቸው ነበር፤ አለመጠየቃቸው ግን ለምን እንደከፋኝ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ላሽ አይደለም። ቆረቆርም አይደለም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሲስተሯ ወጣት ናት፣ ከእኔ ሳታንስ አትቀርም። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገርኩ ከአማርኛዬ ላይ አገሬን አወቀችውና በከምባትኛ «ከየት ነሽ?» አለችኝ። እሷም የዚያው ናት፤ ከዱራሜ ወዲያ። ከመስቀል ወዲህ በቋንቋዬ ያናገረኝ ሰው ስላልነበረ ገና ስለ ፀጉሬ ሳልነግራት ዓይኔ እንባ አቀረረ። በሽታው ያስለቀሰኝ መስሏት «አይዞሽ፣ ገና አላየሁሽም» አለችኝ።

ሻሼን ፈታሁ። ባትሪ አብርታ በጣቷ እየገለጠች አየች። ያማል? ያሳክካል? ሌላ ቦታስ? አይ፣ አይ፣ የለም። ከዚያ አንዱን ሹሩባ ያዝ አድርጋ ወደ ላይ አነሳችው፤ ቆዳዬ አብሮት ተነሳ።

«ይሄን ከተሠራሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ቅዳሜ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ያለፈው ቅዳሜ።»

ባትሪዋን አጠፋች። «በየሳምንቱ? ሹሩባ በየሳምንቱ ይፈታል እንዴ? ሰው እኮ ለወር ነው የሚሠራው።»

«ይቆሽሽብኛል» አልኳት። አላመነችኝም።

ፀጉሩን የነቀለው መጎተት ነው አለችኝ። አጥብቆ መሥራት፣ ፈትቶ ደግሞ ማጥበቅ፣ እረፍት አለመስጠት። ቆዳው አልተዘጋም፤ የተቆራረጠው ፀጉር ራሱ ሥሩ ገና እንዳለ ያሳያል። በጊዜ መጥተሻል አለችኝ። የሚቀባ ነገር ጻፈችልኝ፣ ግን መድኃኒቱ እሱ አይደለም አለች። መድኃኒቱ መተው ነው። ሹሩባ የለም፣ ጎንጉን የለም፣ ጥብቅ ሻሽም የለም። ሲታጠብ በቀስታ፣ ሲደርቅ ልቅ። «እጅ አይንካው» አለችኝ። ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ ልታይ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይመለሳል ተብያለሁ እኮ። ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤቴ ግን በጆሮዬ ሲደጋገም የመጣው «ይመለሳል» ሳይሆን «እጅ አይንካው» ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ለሲስተሯ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው፤ ይህን ደብተር የሚያነብ የለም።

ሹሩባዬ በሳምንት ቆሽሾ አያውቅም። ላልቶም አያውቅም። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ፣ ይሄኔ፣ በሚዶ ጭራ እየወጋሁ ደህናውን ሹሩባ እፈታዋለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እትዬ ራሕማ ዘንድ ለመሄድ ምክንያት እንዲኖረኝ ነው።

እትዬ ራሕማ ከእኛ ግቢ ሦስተኛው በር ናት። ባሏ በአይሱዙ እህል ስለሚያመላልስ ዛሬ ቦኖሻ፣ ነገ ፎንቆ ነው፤ ቤት የሚያድርበት ቀን ትንሽ ነው። አንዲት ልጇ ነጂባ ዓረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አለፋት። ዘነበች ባገባች ሰሞን ነው መጀመሪያ የሄድኩት፤ የሚሠራኝ ሰው ስላልነበረኝ። አጭር በርጩማ ላይ በጉልበቶቿ መካከል ታስቀምጠኛለች። ትከሻዬን በጉልበቷ ያዝ ታደርገዋለች። የሰፈሩን ወሬ ታወራልኛለች፣ ነጂባ ስልክ ከደወለች ያለችውን ትደግምልኛለች፣ አንዳንዴም ዝም እንላለን። ሳምንቱን ሙሉ የሚነካኝ እጅ የእሷ ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ እንኳ በትከሻ ነው የምንሳሳመው፣ እሱም በበዓል።

አፏን የፈታችው በሐዲይኛ ነው። አዲስ መስመር በጀመረች ቁጥር «ልጠብቅሽ?» ትለኛለች። «ላጥብቅልሽ?» ማለቷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አርሜያት ነበር፤ የቢሮ ጸሐፊ አይደለሁ? «እትዬ ራሕማ፣ ልጠብቅሽ ማለት እኮ እስክትመጪ ልቆይሽ ማለት ነው» ስላት «ያው ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ትቻታለሁ። «ልጠብቅሽ?» ስትል «ጠብቂ» እላታለሁ። በጠበቀ ቁጥር ሥራው ጊዜ ይወስዳላ። ቅዳሜ ማታ ራሴን ያመኛል፣ ትራስ ላይ መተኛት ያቅተኛል፤ ሲያመኝ ግን ሰው ቤት ውዬ እንደመጣሁ አውቃለሁ።

እና አሁን ምን ልበላት? «እጅሽ ፀጉሬን ነቀለው» ልበላት? የሰፈሩ ሴት ሁሉ ልጇን ይዛ እሷ ዘንድ የምትመጣው «እጇ ለፀጉር ይስማማል» ስለሚባል ነው። እጇ ፀጉር ይበላል የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ደጇን የሚረግጥ አይኖርም። ዝም ብዬ ልሂድና ልሠራ? ሲስተሯ ገና ሥሩ አለ ብላለች። እስከ መቼ እንደሚኖር ግን አላለችም።

ሹሩባውን ፈትቼ ጨረስኩ። ዛሬ የፈታሁት እንደ ሐኪም ትእዛዝ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አልሄድኩም።

ታጠብኩ። ቅባቱን ቀባሁ። ሻሼን ላላ አድርጌ አሰርኩ። ልብስ አጠብኩ፣ ያጠብኩትን ደግሜ አለቀለቅኩ። ከምሳ በኋላ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ሦስት በር ብቻ ነው የሚለየን፣ ከወጣሁ ታየኛለች። ዳቦ ስላለቀብኝ በኋለኛው መንገድ ዞሬ ስገዛ ጭቃ በጭቃ ሆንኩ። ቅዳሜ እንዲህ ረጅም ቀን መሆኑን አላውቅም ነበር።

ራሴን አላመመኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቅዳሴ ላይ ነጠላ ተከናንቤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስለ ፀጉር መጸለይ አሳፈረኝ፤ ሰው ስንት ነገር ይዞ ይመጣል። ዝም ብዬ ተንበረከኩ። ስመለስ እትዬ ራሕማ ከሩቅ መንገዱ ላይ አየችኝ መሰለኝ። እጇን ከፍ አደረገች። ያላየሁ መስዬ ታጠፍኩ።

ራሴን ጠላሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የታዘዘልኝን ሁለተኛ ቅባት ለመግዛት ፋርማሲ ሄድኩ። ባለፋርማሲው አልረሳኝም። «እህትሽስ?» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ስሜ ተጽፎ እያየ።

«ደህና ናት። ላሽ አይደለም ተብላለች።»

«እሰይ። እየተጠነቀቀች ነው?»

«እየተጠነቀቀች ነው፤ ግን ከፍቷታል» አልኩት።

መድኃኒቱን እያሸገ «አታስቀሪያት ብቻዋን» አለ። እሺ አልኩት። እንግዲህ እህቴን ብቻዋን አላስቀራትም። መንገድ ላይ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ በኋላ የመጣውን አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

መጣች።

በሩ ሲንኳኳ አከራዬ መስላኝ ከፈትኩ። እትዬ ራሕማ ቆማለች፣ እጇ ባዶ ነው፣ ፊቷ ቁጣ። ቤቴ ገብታ አታውቅም። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ሻሼ ላይ ነው።

«ሌላ ሰው ሠራሽ?» አለችኝ።

«ማንም አልሠራኝም።»

«ያለፈውን ቅዳሜ ጠበቅኩሽ። ዛሬም ጠበቅኩሽ።»

ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው ስታውለው ሰማሁ። ሻሼን ፈታሁ። ፀጉሬ ልቅ ሆኖ ትከሻዬ ላይ ወረደ፣ ግንባሬ በሁለቱም በኩል ራቁቱን። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሲስተሯን፣ መጎተቱን፣ እጅ አይንካው መባሉን። ስነግራት ወለሉን ነበር የማየው። ቀና ስል ምንም አልተገረመችም።

«እኔ ክረምት ሲገባ አየሁት» አለች። «እዚህ ጋ ሳሳ። ላላ አድርጌ ስሠራሽ አንቺ ጠብቂ ትያለሽ። ብነግርሽ ትቀሪያለሽ አልኩ። ይኸው ቀረሽ።»

«እያየሽ ዝም አልሽ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ አለ። ከፍ ማለቱን እኔም አላወቅኩም ነበር።

«አንቺስ? ዓርብ ፈትተሽ እንደምትመጪ አላውቅም? የራሕማ ሹሩባ በሳምንት አይላላም። እጄን አውቀዋለሁ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ያለኝ አንድ ወንበር ላይ የታጠበ ልብስ ተቆልሎበታል። ቆይታ «ለሲስተሯ ስሜን ነገርሻት?» አለችኝ። አልነገርኩም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ዞር አለች።

«ሰው፣ ሰው ቤት የሚሄደው ለሹሩባ ብቻ ነው እንዴ?»

ይህን ብላ ወጣች።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ተናድጃለሁ። ፀጉሬ ሲያልቅ ቁጭ ብላ አይታለች። በእጇ እየዳበሰችው።

ማታ፦ እኔም ደህናውን ሹሩባ ቁጭ ብዬ ስፈታ ኖሬያለሁ። እሷ ዝም ያለችው እኔ በፈታሁበት ምክንያት ነው። ሁለታችንም አንድ በርጩማ እንዳናጣ ፈርተን ነው ግንባሬን የገበርነው። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ንዴቴ ቀነሰ፤ ሐዘኑ ግን ባሰ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ትናንሽ ድሎች፦ ማርቆስን «ግንባሬን ተውና የራስህን መላጣ ተንከባከብ» አልኩት፤ ቢሮው በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም ሳቀ። ከመዝገብ ቤት አንዷ ቡና ልጋብዝሽ አለችኝ፣ ለምን እንዳጠመደችኝ ገብቶኛል፣ ቢሆንም ሄድኩ። እርጉዝ አለመሆኔን ስነግራት ቅር አላት።

በትንሿ መስታወት ቀኙን ሳይ አንድ ነገር ጥቁር ጥቁር ያለ መሰለኝ። ምናልባት የመስታወቱ ቆሻሻ ነው። ጠረግኩት። ጥቁሩ ሄደ። የመስታወቱ ቆሻሻ ነበር።

ነገ ዓርብ ነው። የሚፈታ የለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ሄድኩ። ምንም ሳልይዝ፣ ምንም የሚሠራ ሳይኖረኝ። ከበሬ እስከ በሯ ስሄድ «ምን ፈልጌ መጣሁ ልበል» ብዬ ሳሰላስል ደረስኩ። ከአንጋጫ መምጣት ይህን ያህል አይከብድም ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ራሕማ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግታ የማረቆ በርበሬ ስትቀነጥስ አገኘኋት፤ ባሏ ሙሉ ጆንያ አምጥቶላት። ቀና ብላ አየችኝ። በርጩማዋን ሳይሆን ከጎኗ ያለውን የምንጣፉን ጥግ በእጇ መታ መታ አደረገች። ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ አፍረን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን አናውቅም፤ እሷ የማጅራቴን፣ እኔ የግቢውን አጥር ነበር የምናየው። ፊቷን ዛሬ ነው በደንብ ያየሁት። በቀኝ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ስታወራ ዓይኗን ትጨፍናለች። እሷም ሳታየኝ አልቀረችም፣ አንድ ጊዜ «ጥርስሽ እንዲህ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ በርበሬው ይዞን ሄደ። ጭራውን ቀጨት፣ ጎኑን መፈተሽ፣ የበሰበሰውን ወዲያ። ነጂባ ደውላለች፤ የምትሠራበት ቤት ሴትዮ ፀጉሯን አስቆረጠቻት አለች። እትዬ ራሕማ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗን አልከፈተችም። «አራት ዓመት ያሳደግኩት» አለች። አራቱን ዓመት የቆጠረችው ከምን ጀምራ እንደሆነ አልጠየቅኳት። እጄን ዘርግቼ ልይዛት ስል «በበርበሬ እጅሽ ሰው ትነኪያለሽ?» ብላ ሸሸች፣ ሳቅንም። ቀጥላም «ግንባርሽንም እንዳትነኪ፤ እጅ አይንካው ተብሏል» አለች፣ ልክ እሷ ያዘዘችው ይመስል።

ጆንያው ግማሽ ሳይደርስ መሸ። ተነስቼ ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። እጇ ላይ የበርበሬው ቅላት አለ፣ ሁለቱንም እጆቿን ከልብሷ አርቃ ይዛቸዋለች፤ የሚሠሩት ራስ ሳይኖር ምን እንደሚያደርጉ ያላወቁ ይመስላሉ።

«ቅዳሜ ልጠብቅሽ?» አለችኝ።

ላርማት አፌን ልከፍት ስል የሚታረም ነገር አልነበረውም።

«ጠብቂኝ» አልኳት።

ታኅሣሥ ላይ ሲስተሯ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ቀኙ እንዳለ ነው፣ ግራውም እንዳለ ነው። ዛሬ ራሴን አላመመኝም። በሳሙና ሦስቴ ታጥቤ እጄ ግን አሁንም ያቃጥለኛል፤ ይህን የጻፍኩት እስክሪብቶውን በመሀረብ ይዤ ነው።